የሰማያዊው ገንዳ ዳኛ

ያ የመዋኛ ገንዳ ያስወጣኝን ልንገራችሁ። አንድ የክርስትና ድግስ፣ ሁለት ደህና ሱሪ፣ በልጄ አማቶች ፊት የነበረኝ ሞገስ፣ የቅዳሜ ጠዋቶቼ በሙሉ፣ እና «በቤቴ አዛዡ እኔ ነኝ» የሚለው እምነቴ። ብሩን አላነሳውም። ዕድሜዬን ስሚንቶና ቆርቆሮ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብሩን ቁጭ ብዬ ከደመርኩት ገንዳውን በአፈር መድፈኔ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ያስወጡኝ ሰው ባለፈው ሚያዝያ አረፉ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ውሃ ጎማ እየተከራከርኩ ነበር፤ እሱ ጎማው ቀጭን ነው ይላል፣ እኔ ቀጭኑ ዋጋው ነው እላለሁ። ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ዘነበች ናት።

«ጋሽ ይልማ አረፉ» አለችኝ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ» አልኳት። «ውሃውን ማን ሊለካው ነው?»

 ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ደንበኛው ጎማውን በራሱ ዋጋ ይዞ ሄደ። ሞተውም አከሰሩኝ ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ገንዳው የተቆፈረው ለመዋኘት አይደለም፤ ለሴራሚክ ነው። አንድ ሆቴል እሠራለሁ ያለ ሰውዬ ሰማያዊ ሴራሚክ አስመጣልኝ ብሎኝ አስመጣሁለት፤ እሱም ሆቴሉም ጠፉ። የአርባ ምንጭ ሰው ደግሞ ሰማያዊ ሴራሚክ አይገዛም። «ካሳሁን፣ ከበረንዳዬ ሁለት ሐይቅ ይታየኛል፤ ሳሎኔ ውስጥ ሦስተኛ ምን ያደርግልኛል?» ይሉኛል። ዓመት ጠበቅኩ፤ የሚወስደው ጠፋ። በመጨረሻ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤቴ ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍሬ ሴራሚኩን ሁሉ ለጠፍኩትና ውሃ ሞላሁበት። ሰው ሲጠይቀኝ «ለልጅ ልጆቼ ነው» አልኩ። ጥሩ መልስ ነው። ሐይቅ ቢኖረንም የሚዋኝበት የለማ፤ ጫሞ ውስጥ አዞ አለ።

በእኔ ገንዳ ደግሞ ጋሽ ይልማ ተቀመጡበት።

ጋሽ ይልማ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ከጎጃም ኬሚስትሪ ሊያስተምሩ መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ሚስታቸውን ቀብረው፣ እዚሁ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸውን በአርባ ምንጭ ሙቀት የማያወልቁ። የከተማውን ግማሽ ሰው በኬሚስትሪ ጥለውታል። እኔን አላስተማሩኝም፤ እሳቸው ሰሌዳ ፊት በሚቆሙበት ዘመን እኔ ከጫኖ ሙዝ በጋሪ አመላልስ ነበር። ለዚህ ይመስለኛል የቀራቸውን ዕድሜ እኔን ለማስተማር የመደቡት። ያመለጠ ተማሪ አይወዱም።

ውሃው በሞላ በሁለተኛው ሳምንት ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆነ። አንድ ጠዋት ጥርሴን እያጸዳሁ ነው፤ ከአጥሩ በላይ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«ካሳሁን፣ ይህ የጎመን ሾርባ የማን ነው?»

«የመዋኛ ገንዳ ነው፣ ጋሼ።»

«ማን ነው የሚዋኝበት? እንቁራሪት?»

በዚያው ቀን በግቢዬ በር ገቡ። ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ሳጥን ይዘዋል። ውስጧ ብርጭቆ ቱቦ፣ የቀለም መመሳከሪያ ካርድ፣ በወረቀት የተጠቀለሉ ትናንሽ ክኒኖች አሉ፤ ድሮ ያስተማሩት አንድ ልጅ ነው ከአዲስ አበባ የሚልክላቸው። ቱቦዋን ከገንዳው ሞሏት፣ አንድ ክኒን ጣሉባት፣ በአውራ ጣታቸው ከድነው አገላበጧት፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያ አቋም ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅዳሜ ጠዋቴ ሆነ። አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ አገጭ ወደ ሰማይ፣ ከንፈር ወደ ፊት። እንዲያ የሚቆም ሰው ይሞታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ውሃ ውስጥ ክሎሪን ካለ ክኒኗ ሮዝ ትሆናለች» አሉኝ። «በደንብ ካለ ጠቆር ያለ ሮዝ። ከሌለ እንዲህ ነጭ ሆና ትቀራለች። ዓይን ይታለላል፣ አፍንጫ ይዋሻል፣ ክኒኗ ግን ዘመድ የላትም።»

አፍንጫ ይዋሻል ያሉት እኔን ለመንካት ነው። ነጋዴ ያለ አፍንጫ አይኖርም። ቅቤ ስትገዛ በአፍንጫህ ነው፣ ከጫሞ የመጣ ዓሣ ስትገዛ በአፍንጫህ ነው፣ አጭበርባሪ እንኳ ሱቅህ ሲገባ ይሸትሃል። እኔም ገንዳውን በአፍንጫዬ ነበር የማስተዳድረው፤ የበረኪና ሽታ ከሸተተኝ ክሎሪን በቅቶታል፣ ካልሸተተኝ እጨምራለሁ። አንድ እሑድ የሰፈር ልጆች ሲጫወቱበት ውለው ማታ ላይ ሽታው አጥር ዘለለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አይጨመርም» አልኩ። «ይሸታል እኮ!»

«ስለሚሸት ነው የሚጨመረው።»

«ምን?»

«ጤነኛ ክሎሪን እዚህ ድረስ አይሸትም። የሚሸትህ ከላብና ከሽንት ጋር ተናንቆ የሞተው ነው። ሬሳ ነው የሚሸትህ። ሬሳ ሲበዛ ወታደር ይጨመራል እንጂ ይቀነሳል እንዴ?»

እስቲ ፍረዱኝ። ወጥ ጨው በዛበት ብለህ ስትጮህ «እንግዲያው ጨው ጨምር» የሚልህ ሰው ጎረቤትህ ቢሆን ምን ታደርጋለህ? እያጉረመረምኩ ዱቄቱን ከነጭ ባልዲው ቀዳሁና ነፋስ ፊት ለፊት ቆሜ በተንኩት። የመጀመሪያው ሱሪ ያኔ ሄደ፤ ጥቁር የነበረው ነብር ሆነ። በማግስቱ ሽታው ጠፍቶ ነበር። ይህም አናደደኝ።

ዱቄቱን ሁልጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ እንድጨምር ያዙኛል፤ «የዚህ አገር ፀሐይ ክሎሪን ትበላለች፤ ቀን የጨመርከው ለእሷ ምሳ ነው» ይላሉ። ለእኔ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ሱቄን የምዘጋበት፣ ሂሳብ የምይዝበት ሰዓት ነው። ማን ይሰማኛል? ወደ ገንዳው የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ ሳሙና ይዞ ሻወር ይወስዳል፤ ይህም የእሳቸው ሕግ ነው። አንድ ቀን ንግድ ፈቃዴ የሚያልፍበት ቢሮ ውስጥ ወንበር ያለው ሰው ጋበዝኩ። ሰውዬው ቁምጣ ለብሶ ሆዱን አስቀድሞ ሲመጣ ጋሽ ይልማ መንገድ ላይ ቆሙበት።

«ታጥበዋል?»

«ጠዋት ታጥቤያለሁ፣ አባቴ።»

«ከጠዋት ወዲህ አላበዎትም? ምሳ ምን በሉ?»

«ክትፎ።»

«እንግዲህ ክትፎ ውስጥ የገባ ቅቤ የት እንደሚወጣ ልንገርዎ?»

ሰውዬው ታጠበ። ፈቃዴም በዚያ ዓመት ወገቤ እስኪቆረጥ ተመላልሼ ነው የታደሰው።

ማባረርስ አትችልም ነበር ወይ ትሉኛላችሁ። ደሞዝ የማትከፍለውን ሰው እንዴት ታባርረዋለህ? ልክፈልዎት ስላቸው ይሳደባሉ፤ ሙዝ ስልክላቸው ግማሹን ይመልሳሉ። አንዴ ተንኮል አስቤ ከአንድ ሆቴል ገንዳ የሚያጸዳ ጎልማሳ ቀጠርኩ። ጋሽ ይልማ በሩ ላይ አስቁመው ፈተኑት። ምን እንደጠየቁት አላውቅም፤ ሰውዬው «አባባ፣ እኔ ቅጠል ነው የምለቅመው» ሲል ብቻ ሰማሁ። በማግስቱ አልመጣም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ወደዚያ ድግስ ደረስን።

ልጄ ብርቄ ያገባችው የጨንቻ ልጅ ነው። አማቷ አቶ ማሴቦ የታወቁ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ሸማኔ ነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ ሽመናውን ንግድ አድርገው ያን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፣ ዱንጉዛ የሚሉትን ሸማ ከጨንቻ እስከ አዲስ አበባ የሚሸጡ። ከሠርጉ ጀምሮ በእኔና በእሳቸው መሐል አንድ ነገር አለ። በሠርጉ ቀን ሥጋው አልበቃም ተባለ። በቅቷል፤ ግን ተባለ። ጨንቻ ላይ «የቆላ ነጋዴ እንግዳ ሲመጣ ሚዛን ያወጣል» እየተባልኩ እንደምወራ ብርቄ እያለቀሰች ነግራኛለች። ስለዚህ የበኩር ልጇ ክርስትና በእኔ ቤት እንዲሆን ጠየቅኩ። በሬ ገዛሁ። እናም ተራራ ወጥቼ አቶ ማሴቦ ቤት፣ የቤተሰቡ ልጆች ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ በአፌ ተናገርኩ፤ «ልጆች፣ እኔ ቤት ስትመጡ ትዋኛላችሁ!»

ጨንቻ ብርድ ነው። እነዚያ ልጆች ውሃ የሚያውቁት ከፊታቸው ላይ ሲጠርጉት ነው። ጩኸታቸው እስከ ሸማ ተራው ተሰማ። አቶ ማሴቦ ፈገግ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

የድግሱ ዋዜማ ጋሽ ይልማ ወጉን አድርሰው፣ ሁለት ኩባያ ዱቄት አስጨምረው፣ «ነገ ጠዋት እለካዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካው» ብለው ሄዱ። እኔም ደክሞኝ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ውሃው እንደ መስታወት ነው። አንዲት ቅጠል የለችበትም፣ ሴራሚኩ ከሥር ያብለጨልጫል። ጠረኑ ደግሞ እንደታጠበ አንሶላ። በሕይወቴ ሴራሚክ አስመጪ በመሆኔ የኮራሁት ያን ጠዋት ነው።

ጋሽ ይልማ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ፤ ነጠላቸውን አልጣሉም። ቱቦዋን ሞሉ፣ ክኒኗን ጣሉ፣ አነሱ፣ አንድ ዓይን ጨፈኑ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ነጭ! ጭራሽ ክሎሪን የሚባል የለበትም።

«እሰይ!» አልኩ። «ሁለት ኩባያ እንጨምርና ልጆቹ ከሰዓት ይገባሉ።»

ጋሽ ይልማ ቱቦዋን ደፍተው እንደገና ሞሉ። ሌላ ክኒን። እንደገና ነጭ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጥሉ ፊታቸውን ወደ ቱቦዋ አስጠጉ።

«አየህ?»

«ነጭ ነው፣ ጋሼ።»

«ነጭ ከመሆኗ በፊት ብልጭ አለች። ለቅጽበት ያህል ሮዝ ሆና ጠፋች።»

«እኔ ምንም አላየሁም።»

«አንተ ማየት የፈለግከውን ነው ያየኸው።»

የታሸገ ውሃ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ከገንዳው ጥቂት ጠብታ ወሰዱ፣ የቀረውን ቱቦ በታሸገው ንጹሕ ውሃ ሞሉ፣ ክኒን ጣሉ፣ አገላበጡ። ቱቦዋ ደም መሰለች።

እኔ በጉርምስናዬ መናኸሪያ ሻይ ሸጬ አውቃለሁ። ሻይ ላይ ውሃ ሲጨመር ይቀጥናል። ውሃ ተጨምሮበት የቀላ ነገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይህ አስማት ነው» አልኩ። «ክኒኗ ዘመድ የላትም ብለውኝ አልነበረም?»

«የላትም። ግን ከአቅሟ በላይ ሲሰጧት ራሷን ትስታለች። ቀለሟን ራሱ ክሎሪኑ ነው የበላባት። ካሳሁን፣ እዚህ ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ዓይኑ ይቃጠላል። ጉሮሮው ይቃጠላል። ከጠጣማ…» አልጨረሱትም። «ዛሬ ማንም አይገባም።»

«እርስዎ ትላንት ሁለት ኩባያ ነው ያስጨመሩት!»

«እሱ ነው የገረመኝ።»

ግቢ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠየቅን። «ዛሬ ጠዋት ገንዳውን የነካ አለ?» ማንም የለም። ዘነበች እጇ ሊጥ ውስጥ ነው። ለድግሱ ልትረዳን ከጫኖ የመጣችው ታላቅ እህቷ እትዬ ጥሩነሽ ሽንኩርት ላይ አንገቷን ደፍታለች። «እኛ ከወጥ ተነስተን የት ሄድን?» አለች። ጋሽ ይልማ ፕላስቲክ ወንበር አንስተው ወደ ገንዳው የሚወስደው ደረጃ አፍ ላይ አደረጉና ተቀመጡ።

በዚህ ላይ መኪናው መጣ። አንድ ሙሉ አይሱዙ የጨንቻ ሰው፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ልጅ። ሹራባቸውን ገና በር ላይ እያወለቁ መሮጥ ጀመሩ። ሮጡ፣ ሮጡ፣ ጋሽ ይልማ ጉልበት ሥር ደርሰው ቆሙ።

እኔ ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ ለመንኩ። ቀጥሎ ጥሬ ሥጋ ላኩላቸው፤ ለመብላት ይነሳሉ ብዬ። ቢላውን ተቀብለው እዚያው ወንበራቸው ላይ ቆርጠው በሉ። ቀጥሎ «ስልክ ይፈልግዎታል፣ ቤት ውስጥ ነው» አስባልኩ፤ «ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው» አሉ። በመጨረሻ ጨርቄን ጣልኩ።

«ጋሼ፣ ይህ የእኔ ቤት ነው!»

«ቤቱ የአንተ ነው» አሉ፣ ጥርሳቸውን በስንጥር እያጸዱ። «ልጆቹ ግን የአንተ አይደሉም።»

ዘወር ስል አቶ ማሴቦ ከኋላዬ ቆመዋል። ዱንጉዛቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱን በእጃቸው ይዘዋል። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል። ብርቄ ሕፃኑን ታቅፋ በረንዳው ላይ ናት፤ ፊቷን አየሁት፤ የሠርጉ ቀን ፊት ነው።

«ካሳሁን» አሉ አቶ ማሴቦ፣ ቀስ ብለው። «ሥጋ ያልቃል፤ እሺ። ውሃም ከእንግዳ ይቆጠባል?»

እንዲህ ያለ ንግግር ጨንቻ ሲደርስ ሦስት ትውልድ ያድራል። ላቤ መጣ። «ኧረ ይግቡ! ይግቡ እንጂ!» አልኩ፣ ጋሽ ይልማን ሳላይ። አቶ ማሴቦ ልጁን ይዘው አንድ እርምጃ ተራመዱ። ልጆቹ ከኋላቸው ተሰለፉ።

ጋሽ ይልማ ከወንበራቸው ተነሱ። ተሸነፉ ብዬ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ገንዳው ዳር ካበቀልኩት ሳር አንድ እፍኝ ነጩ። ከዚያ ያን ደረጃ እንኳ የሚያስቸግረውን ጉልበታቸውን መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ሲሚንቶው ላይ አኖሩት። ነጠላቸው መሬት ነካ። ሳሩን በሁለት እጃቸው ወደ ፊት ያዙት። 

 እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። ድንጋይ የያዘ ይጥላል፣ የተቆጣ ይመለሳል። እሱን አልፎ የሚሄድ እግር የለም። እኔ በበኩሌ «ይህ ማጭበርበር ነው!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ሰውዬው ጎጃሜ ናቸው! ለክሎሪን ደግሞ ሳር ተይዞ ያውቃል?

አቶ ማሴቦ ግን ባሉበት ደርቀዋል። ልጆቹ ከኋላ እየመጡ ተራ በተራ ወገባቸው ላይ ተጋጩ።

«መምህር» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ያስተማርኳቸው ልጆች።»

«የእኛ ሰው ሳር የሚይዘው ደም እንዳይፈስ ነው።»

«እኔም የያዝኩት የእነዚህ ልጆች ዓይን እንዳይፈስ ነው። ውሃው ተመርዟል። በማን እንደሆነ አላውቅም። ይዩኝ፣ ጉልበቴ እያመመኝ ነው።»

አቶ ማሴቦ የያዙትን ልጅ ወደ ብርቄ፣ ወደ በረንዳው ላኩት። «ልጆቹ አይገቡም» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሳሩን በክብር ተቀበሉና ጋሽ ይልማን በብብታቸው ይዘው አነሷቸው። ሽማግሌው ብቻቸውን መነሳት አይችሉም ነበር። እንግዲህ ማንም ባያነሳቸው ኖሮ እዚያው ሊያድሩ ነው የተንበረከኩት።

«አሁን ግን ያሳዩኝ» አሉ አቶ ማሴቦ። «የሸማኔ ልጅ ነኝ። እርስዎ ክኒንዎን ያምናሉ፤ እኔ ክሬን ነው የማምነው።»

ከዱንጉዛቸው ጫፍ አንድ ቀይ ክር መዘዙ። ጋሽ ይልማ በብርጭቆ ከገንዳው ውሃ ቀዱላቸው፤ ክሩን ነከሩትና ብርጭቆውን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጡት። ከዚያ ሁላችንም ቁጭ ብለን ምሳ በላን። እንዲህ ያለ ምሳ አትብሉ። ማንም ስለ ሕፃኑ አያወራም፤ ሁሉም እየጎረሰ ብርጭቆ ያያል። ያረድኩትን በሬ ጣዕም እስካሁን አላውቀውም።

ምሳው ሳያልቅ ውሃው ደመና ደመና መሰለ። ሥጋው ተነስቶ እጅ ስንታጠብ አቶ ማሴቦ ክሩን በሁለት ጣታቸው አወጡት። ገለባ መስሏል። ቀይነቱ የት እንደሄደ እግዜር ይወቅ። በጣታቸው አሹት፤ ተበጠሰ።

«ይህ ቀለም» አሉ ለወገኖቻቸው በጋሞኛ ጀምረው በአማርኛ ሲጨርሱ፣ «ሰባት ጊዜ ሲታጠብ አይለቅም። እኔ ነኝ ያስነከርኩት።» ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። እጃቸውን ራስ ራሳቸው ላይ አደረጉ።

ይህን ጊዜ እትዬ ጥሩነሽ ለምሳ ማወራረጃ ሙዝ ይዛ ብቅ አለች። ጋሽ ይልማ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ጥሩነሽ፣ ያ ባልዲ!»

ሙዙ የተደረደረው በነጩ ባልዲ ነው። የክሎሪን ባልዲዬ። ታጥቦ ያብለጨልጫል።

«ምን ሆነ? አጥቤዋለሁ እኮ» አለች።

«ውስጡ የነበረውስ?»

«ውሃው ውስጥ ጨመርኩት።»

«ሁሉንም?»

እትዬ ጥሩነሽ ወደ እኔ ዞረች፤ የተሰደበች መስሏታል። «ምነው፣ ለእንግዳ ይቆጠባል እንዴ? ማታ ሳየው ዳሩ አረንጓዴ ነው። የጨንቻ ሰው ሊመጣ ነው! ካሳሁን ደግሞ በኩባያ እየለካ ጨመረ አሉኝ። በኩባያ! በሠርጉ የተባለው አይበቃንም? ለእንግዳ ቅቤ እንኳ አይለካም፤ ባልዲውን እንዳለ ደፋሁት።»

 ጋሽ ይልማ ከባልዲው አንድ ሙዝ አንስተው አገላብጠው አዩት። «ሙዙ ይላጣል» አሉ። «ችግር የለውም።» ላጡትና በሉ።

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ማሴቦ ናቸው። ሳቃቸው እንደ ሳል ነው የሚጀምረው። ከዚያ የጨንቻ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እትዬ ጥሩነሽም ለምን እንደሚሳቅ ሳይገባት ሳቀች። ልጆቹን ሳር ላይ አሰልፈን በውሃ ጎማ ረጨናቸው፤ ከሱቄ ያመጣሁት ያው ቀጭኑ ጎማ ነው። ጩኸታቸው ጫሞ ድረስ ይሰማል። ሁለተኛውን ሱሪ ያጠፋሁት ያኔ ነው፤ አንዱ የገንዳውን ውሃ በእጁ ሊነካ ሲል ሮጬ ዳሩ ላይ ተንሸራትቼ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ጋሽ ይልማ «ታጠብ! በሳሙና!» እያሉ ከኋላዬ ይጮሃሉ። በገዛ ድግሴ፣ በአማቶች ፊት፣ እንደ ሕፃን ታጠብኩ።

ሊሄዱ ሲሉ አቶ ማሴቦ ጨበጡኝ። «ካሳሁን» አሉኝ፣ «ውሃህ ልብስ ይበላል፤ ቤትህ ግን ጠባቂ አለው።» ጨንቻ ላይ አሁን የሚወራው ይህ ነው። ሚዛን የሚለው ቀርቷል። እኔ ግን ከዚያ ድግስ ያገኘሁት ስም የጋሽ ይልማ ጎረቤት የሚል ብቻ ነው።

ፀሐይ ክሎሪኑን በልታ እስክትጨርስ ጋሽ ይልማ በየጠዋቱ ይመጡ ነበር። አንድ ዓይን ጨፍነው ያያሉ፣ «አይገባም» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። «ጋሼ፣ ዛሬስ?» «አይገባም።» ብርቄ ልጇን ይዛ ስትመጣ እንኳ «ደህና አደርሽ» ከማለታቸው በፊት «አይገባም» ነበር የሚሏት። የሚገባበት ቀን ሲደርስ ደግሞ አልነገሩኝም፤ አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ የሰፈር ልጆች ታጥበው ተሰልፈው ሲዋኙ አገኘሁ። እኔ ባለቤቱ የሰማሁት መጨረሻ ነው።

ለልቅሶው አቶ ማሴቦ ከጨንቻ ወረዱ። ያንኑ ዱንጉዛ ለብሰዋል፤ ጫፉ ላይ አንድ ክር የጎደለበትን። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ ግማሹ «እኔን በኬሚስትሪ ጥለውኛል» እያለ የሚያለቅስ ነው። አቶ ማሴቦ አጠገቤ ተቀመጡና «ውሃውን አሁን ማን ይለካል?» አሉኝ። እኔ ብቻ አልነበርኩም ያንን ያሰብኩት ማለት ነው።

ከሳልስቱ በኋላ የእህታቸው ልጅ ያችን የእንጨት ሳጥን አመጣችልኝ። «ለካሳሁን ስጡት ብለዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ብለዋል» አለችኝ። ሰውዬው በሞት አልጋ ላይ ሆነው እንኳ ሱቄን የምዘጋበትን ሰዓት አልማሩልኝም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ የምለካው። ዘነበች በረንዳው ላይ ሆና ትስቅብኛለች። «አንድ ዓይንህን ጨፈንክ» ትለኛለች። ፀሐይ ነው እላታለሁ። ልጆች ሲመጡ «ታጥባችኋል?» ብዬ ስጠይቅ ራሴን ሰምቼ እናደዳለሁ። ባለፈው አንዱ የባንክ ሰው ሳይታጠብ ሊገባ ሲል ምን በላህ አልኩት፤ ቅር ብሎት ሄደ። ብድር ጠይቄው ነበር።

ዛሬ ጠዋትም ለካሁት። ክሎሪኑ በካርዷ ቀለም ሁለት ቁጥር ላይ ነው፤ ልክ ነው። ውሃው ይታያል፣ አይሸትም፣ ክኒኗ ሮዝ ሆና ቆየች። ያስወጣኝን ከላይ ተናግሬያለሁ፤ አልደግመውም። የገባልኝም ይኸው ነው፦ ሰማያዊው ገንዳ ውሃ ከሞላበት ቀን እስከ ዛሬ አንድም ልጅ አልተጎዳበትም።